ከገበያ ሆኜ ያጠፋሁት ካውያ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ላይ፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ ነው። ሁለት ዓመት አለፈው። እስካሁን ትዝ ባለኝ ቁጥር መጀመሪያ ያስቀኛል፤ ሳቄን ሳልጨርስ ደግሞ አንገቴን ያስደፋኛል። በአንድ ጊዜ እንዲህ የሚያስቅም የሚያሳፍርም ነገር በዕድሜዬ ሌላ አላጋጠመኝም።

ስሜ ኑር ይባላል። ልብስ ሰፊ ነኝ። ትውልዴ መተማ ነው፤ ገዳሪፍ ከገባሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የሱዳን ወንዶች የሚለብሱትን ነጭ ረጅም ጀለቢያ እሰፋለሁ። ሱቄ ገበያው ውስጥ ናት። ጠባብ ስለሆነች ከስፌት መኪናዬና ከኔ ሌላ አትይዝም። ስለዚህ የሰፋሁትን የምተኩሰው ቤቴ ነው፤ ጠዋት ጠዋት፣ መብራቱ ደህና በሚሆንበት ሰዓት።

ታዲያ አንድ ክፉ አመል አለብኝ። ካውያውን ከሶኬት መንቀሌን አላስታውስም። ነቅዬው እወጣለሁ፤ ገበያ ስደርስ ግን “ነቅዬዋለሁ ወይስ ረስቼዋለሁ?” የሚል ሐሳብ ይይዘኛል። አንዴ ከያዘኝ መርፌ ክር ማስገባት እንኳ ያቅተኛል። ለባለቤቴ ለዘሀራ እደውላለሁ። እሷ ከቤት ወጥታ ከሆነ ረክሻ ይዤ እመለሳለሁ። ረክሻ የምላችሁ ያው ባጃጅ ነው።

አንድ ጊዜማ ለዘሀራ የአጎት ልጅ ሰርግ ወደ ከሰላ ከተማ ስንሄድ፣ መንገድ ላይ ያለችው ኸሽም ኤል ቂርባ ስንደርስ ከአውቶቡስ ወርጄ ብቻዬን ተመለስኩ። ቤት ስደርስ ካውያው ተነቅሎ፣ ገመዱ ተጠቅልሎ፣ ሣጥኑ ላይ ቁጭ ብሏል። ዘሀራ ሰርጉን ብቻዋን በላች። ለዘመዶቿ ምን ብላ እንደነገረቻቸው እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።

በስልክ የሚታዘዝ ሶኬት መኖሩን የነገረችኝም እሷ ናት። ጅዳ ያለችው እህቷ እዚያ አይታው ኖሮ በስልክ ነገረቻት።

“ግድግዳው ላይ ይሰካል፤ ካውያህን ደግሞ እሱ ላይ ትሰካለህ” አለችኝ። “ከዚያ ገበያ ሆነህ ስልክህን ነካ ስታደርገው ይጠፋል። መጥፋቱንም ስልኩ ያሳይሃል። እኔም ሰርግ ብቻዬን አልበላም።”

በማግስቱ ገበያ ውስጥ ስጠይቅ የስልክ ዕቃ ወደሚሸጥበት አንድ ሱቅ ላኩኝ። ባለቤቱ ሱዳናዊ ነው። ዕቃውን የሚሸጠው ግን ደሳለኝ የሚባል የጎንደር ልጅ ነበር። ሃያ አምስት፣ ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሰሊጥ ለማጨድ መጥቶ፣ ካርቱም ለመሄድ ሲያስብ፣ እዚያው የቀረ። ስልክ መጠገን ስለሚችል ባለሱቁ ይዞታል።

ሶኬቱን ስጠይቀው ሦስት ዓይነት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረልኝ። እኔ በዓይኔ ትንሿን መረጥኩ። ነጭ ናት፣ ታምራለች፣ ርካሽም ናት።

“ለምን ሊያውሏት ነው ጋሼ?” አለኝ።

“ለካውያ።”

ከእጄ መልሶ ወሰዳት። “ይቺ ለአምፖል ወይም ለማራገቢያ ነው የምትሆነው፤ አስር አምፔር ናት። ካውያ እሳት ነው፣ ብዙ ይስባል። ሳያውቁት ግላ ትቀልጥብዎታለች። ካውያዎ ስንት ዋት ነው?”

እኔ እንዴት አውቃለሁ! ሃያ ዓመት ስተኩስ ካውያዬን ገልብጬ አንብቤው አላውቅም።

“እንግዲያው አንብበው ይምጡ” አለኝ።

ገንዘቤን ይዤ ቆሜ የማይሸጥልኝ ነጋዴ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ትንሽ ከፋኝም። ለዘሀራ ደወልኩና ከካውያው ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበችልኝ። ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዋት ይላል። ያኔ አስራ ስድስት አምፔር የሚለውን ወፍራሙን ሰጠኝ። እግሩ እኛ ግድግዳ ላይ ካለው ሶኬት ጋር ይገጥም እንደሆነ ከራሱ ሱቅ ማከፋፈያ ላይ ሰክቶ አሳየኝ። ስልኬን ተቀብሎም መተግበሪያውን ጫነልኝ።

“ቤት ዋይፋይ አለዎት?” አለኝ።

አለን። የራሳችን አይደለም እንጂ። ከጎረቤታችን ከሐጃ አምና ጋር የምንጋራው ግድግዳ አንድ ነው። ልጇ አብደልባቂ የትምህርት ቤት አስተማሪ ስለሆነ ዋይፋይ አስገብቷል፤ እኛም የሱን እንድንጠቀም የይለፍ ቃሉን ሰጥቶናል።

“ጥሩ” አለኝ ደሳለኝ። “አንድ ነገር ግን አደራ። ካገናኙት በኋላ ካውያውን ወዲያው እንዳይሰኩ። መጀመሪያ መብራት ይሰኩበት። በስልክዎ ያብሩት፣ ያጥፉት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ በዓይንዎ ይዩት። ከዚያ ካውያው ይከተላል።”

“እሺ፣ እሺ” አልኩና ሄድኩ። እሺ የሚለው ቃል ከአፍ ሲወጣ ቀላል ነው።

ያን ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ቤት ስገባ አብደልባቂን በር ላይ አገኘሁትና ሶኬቱን አሳየሁት። ዓይኑ በራ። የእናቱ ፍሪጅ ሁልጊዜ ያሳስበዋል። ገዳሪፍ ውስጥ መብራቱ ሲደክምና ሲጠነክር ስንት ሰው ፍሪጁ ተቃጥሎበታል። ሐጃ አምና ደግሞ ጉልበቷን ስለሚያማት ከፍሪጁ ጀርባ ጎንበስ ብላ መንቀል አትችልም።

“ዓም ኑር፣ ወላሂ እኔም እገዛለሁ!” አለኝ፤ ዓም ማለት አጎቴ ነው። የት እንደገዛሁት ነገርኩትና ተለያየን።

ከሰዓት በኋላ ወደ አስር ሰዓት ገደማ እኔና ዘሀራ ሶኬቱን ግድግዳው ላይ ሰክተን ተቀመጥን። ሰማያዊ መብራቱ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ይላል። ዘሀራ ከስልኩ ላይ ታነባለች፣ እኔ እነካለሁ። የዋይፋዩን ቃል ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። በሦስተኛው ስልኩ ላይ አንድ ክብ ነገር መዞር ጀመረ። ዞረ፣ ዞረ፣ ከዚያ “መሣሪያው ተገኝቷል” የሚል ነገር መጣ። ስሙን ጻፍ ሲለኝ “ካውያ” ብዬ ጻፍኩ። “አስቀምጥ” የሚለውን ስነካ፣ ቤቱ ድርግም አለ። መብራት ጠፋ።

“በል፣ አልሞከርነውም” አለችኝ ዘሀራ።

“ተሳክቷል እኮ አለ። አላየሽውም?”

መብራቱ እስከ ንጋት አልመጣም። እኛም በጊዜ ተኛን።

ጠዋት ስነሳ መብራት መጥቷል። ረመዳን ሊገባ ሳምንታት የቀሩት ጊዜ ስለነበር የሰርግ ሥራ በዝቶብኛል። የዚያን ሳምንት የሚያገባ የአንድ ሙሽራ ጀለቢያ ተሰፍቶ አልቋል፤ መተኮስና ማስረከብ ብቻ ነው የቀረኝ። የደሳለኝን አደራ እንኳን ልፈጽም ትዝም አላለኝ። አልጋው ላይ ብርድ ልብስ አነጠፍኩ፣ ካውያውን ከአዲሱ ሶኬት ላይ ሰካሁ፣ ሶኬቱ ጎን ላይ ያለችውን ቁልፍ በጣቴ ተጫንኳት፤ ካውያው ጋለ። የጀለቢያውን አንድ እጅጌ ተኩሼ ደረቱ ላይ ስደርስ መብራት እንደገና ሄደ።

ጥቂት ጠበቅኩ። አልመጣም። ገበያ ደግሞ ጨርቅ የሚያመጣልኝ ሰው ቀጥሬ ነበር። ካውያውን እንደነበረ ጀለቢያው ላይ ትቼ ወጣሁ። ሞኝነት መሆኑን ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን ኪሴ ውስጥ ስልክ አለ፣ ስልኩ ውስጥ ካውያ አለ፤ ምን ያስፈራኛል?

ወደ አራት ሰዓት ላይ ሱቄ ተቀምጬ ያ አመሌ መጣ። “መብራቱ ተመልሶ መጥቶ ቢሆንስ?” ስልኬን ከፈትኩ። “ካውያ” ከሚለው ጎን አረንጓዴ ምልክት በርቷል። መብራት መጥቷል ማለት ነው። ነካሁት። ጠፋ። ስልኩም መጥፋቱን አሳየኝ።

የተሰማኝን ደስታ እንዴት ልግለጽላችሁ! ሃያ ዓመት የተሸከምኩት ጭንቀት በአንድ ጣት ወረደ። ሱቄ ፊት ለፊት ሻይ የሚጠጡ ሰዎች ነበሩ። ስልኩን እያሳየኋቸው “አያችሁ? ቤቴ ያለውን ካውያ አሁን ከዚህ ሆኜ አጠፋሁት” አልኳቸው። አንዱ ሽማግሌ ስልኬን ተቀብሎ አገላብጦ አየውና፣ “ማሻአላህ! ሚስትህንም እንዲህ ዝም የሚያሰኝ አለው?” አለኝ። ሁላችንም ሳቅን።

ሳቁ ሳያልቅ ስልኬ ጮኸ። ዘሀራ ናት።

“ኑር፣ ጀለቢያው ተቃጠለ!”

“የትኛው ጀለቢያ?”

“የሙሽራው ነዋ! ሐጃ አምና ቤት ሥጋ ላግዛት ሄጄ ጭስ ሸተተኝ። ስገባ ካውያው ጀለቢያውን በስቶ ብርድ ልብሱን ይዞታል።”

“አይሆንም! አሁን ራሴ አጥፍቼዋለሁ!”

“እንግዲያው ያጠፋኸው ካውያ ሲጨስ መጥተህ እየው” አለችና ዘጋችው።

በረክሻ በረርኩ። ቤቱ በጭስ ታፍኗል። ዘሀራ ካውያውን ከነሶኬቱ ነቅላ መሬት ላይ አስቀምጣዋለች። የጀለቢያው ደረት ላይ የካውያው ቅርጽ ልክ እንደ ጀልባ ጠቁሮ ተቀርጿል። በጣቴ ስነካው ረገፈ። ትንሽ ዘግይታ ቢሆን ኖሮ አልጋው፣ ከዚያም ጣሪያው ነበር። የኛ ጣሪያ ሲነድ የሐጃ አምናም አይተርፍም።

ድንጋጤዬ ሲለቀኝ ቁጣ ተተካ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነው የሚያሳፍረኝ።

የተቃጠለውን ጀለቢያ በእጄ እንደያዝኩ ወደ ገበያ ተመለስኩ። ሶኬቱን ይዤ መሄድ እንኳ አላሰብኩም። ደሳለኝ ለአንድ ደንበኛ ስልክ እየከፈተ ነበር። ባለሱቁም አለ። የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ ከገጠር በመጣ ሰው ተሞልቷል።

“ሌባ!” አልኩት። “ሀራሚ!” በአማርኛም በዓረብኛም ሰደብኩት፤ ሳይገባው የሚቀር ሰው እንዳይኖር። ጀለቢያውን ከፍ አድርጌ ለሕዝቡ አሳየሁ። “ይህን አታላይ እዩልኝ! የማይሠራ ዕቃ ሸጦ ቤቴን ሊያነድደው! የአገሬ ልጅ ነው ብዬ ባምነው!”

ደሳለኝ የያዘውን ስልክ ቀስ ብሎ አስቀመጠው። አልተቆጣም። “ጋሼ፣ ሰው ተጎድቷል?” አለኝ መጀመሪያ።

“አምልጠናል፤ ባንተ ቸርነት አይደለም!”

“መብራት ሰክተው ሞክረውት ነበር? ስልክዎን ይስጡኝና ልየው።”

ይህን ሲለኝ ጭራሽ ባሰብኝ፤ አለመሞከሬን አውቃለሁና። ጥፋተኛ ሰው ጥፋቱን ሲነኩት ይጮሃል። እኔም ጮህኩ። ሰው እየተሰበሰበ ሄደ። ባለሱቁ ሕዝቡን አየ፣ ጀለቢያውን አየ፣ ሱቁን አየ። ከዚያ ወደ ደሳለኝ ዞሮ “ኻላስ! በቃ! ቁልፉን አስቀምጥና ሂድ” አለው። ምንም አልጠየቀውም። ደሳለኝ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣ የመፍቻዎቹን ከረጢት አነሳ፣ በመካከላችን አልፎ ሄደ።

እኔ እንዳሸነፈ ሰው ወደ ሱቄ ተመለስኩ። ግን ያን ቀን አንድ ስፌት ቀጥ ብሎ አልሄደልኝም። “ሰው ተጎድቷል?” ያለው ነገር ጆሮዬ ውስጥ ቀረ።

ወደ አስራ አንድ ሰዓት ገደማ ቤቴ ተቀምጬ ሳለሁ በር ተንኳኳ። ዘሀራ ከፈተች። ደሳለኝ ነው። በአንድ እጁ ከረጢቱን፣ በሌላው ገመድ ያለው አምፖል ይዟል። ቤቴን ገበያ ውስጥ ሲጠይቅ ሲጠይቅ ነው ያገኘው።

ሊጣላኝ መጣ ብዬ ብድግ አልኩ።

“ለጠብ አይደለም ጋሼ” አለኝ። “ሶኬቱን ልየው ብዬ ነው። እንደዚህ ያለውን ለሌሎችም ሰዎች ሸጫለሁ። ጥፋቱ የዕቃው ከሆነ የሌላ ሰው ቤት ሳይነድ ዞሬ መንገር አለብኝ።”

ዘሀራ እኔን አላየችኝም። “ግባ ወንድሜ፣ ግባ” ብላ ወንበር ሰጠችው፤ ውሃም አመጣችለት።

ሶኬቱን ከግድግዳው ላይ ሰካና አምፖሉን ሰካበት። ጎኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ ሲጫናት አምፖሉ በራ። ስልኬን ተቀበለኝ። “ካውያ” የሚለውን እያየ አጠፋ፣ አበራ። አምፖሉ ንቅንቅ አላለም። በርቶ ቀረ።

“ይኸው!” አልኩ። “ተበላሽቷል አላልኩም?”

እሱ ግን ጆሮውን አቁሟል። ከግድግዳው ወዲያ ሐጃ አምና ስትጮህ ይሰማል።

“አንተ አብደልባቂ! ና! ፍሪጁ ነፍስ ዘራ! አልሐምዱሊላህ!”

ደሳለኝ ስልኩን እንደገና ነካው።

“ኧረ ሞተ! ተመልሶ ሞተ!” አለች ሐጃ።

ነካው።

“ተነሳ! ልጄ፣ ተነሳ!”

ዘሀራ አፏን በነጠላዋ ያዘች። “ፍሪጇ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቆመ ብላ ስታለቅስ ነው የዋለችው። ለእህቷ ልጅ ስም ማውጫ የታረደው ሥጋ ሁሉ ቀለጠ ብላ...”

“ጠዋት አራት ሰዓት?” አልኩ።

“ጋሼ፣ ከጎረቤት እንደዚህ ዓይነት ሶኬት የገዛ ሰው አለ?” አለ ደሳለኝ። “ትናንት ከሰዓት አንድ አስተማሪ ከኔ አንድ ገዝቷል። ለእናቱ ፍሪጅ ብሎ።”

ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። እኔና አብደልባቂ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ዋይፋይ፣ አንድ ዓይነት ሶኬት፣ በአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ ተቀምጠን ስናገናኝ፣ የኔ ስልክ የሱን ሶኬት፣ የሱ ስልክ ደግሞ የኔን አግኝቶ ያዘ። መብራቱ ወዲያው ስለጠፋ ሁለታችንም አልሞከርነውም። እኔ ገበያ ተቀምጬ በኩራት ያጠፋሁት ካውያ የሐጃ አምና ፍሪጅ ነው። የኔ ካውያ ደግሞ የሚያዝዘው ሰው አጥቶ የሙሽራውን ጀለቢያ ሲበላ ነበር።

ደሳለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። “ዕቃው ደህና ነው። ጋብቻው ነው የተሳሳተው” አለ።

አብደልባቂን ጠራነው። ስልኩን ይዞ መጣ። “ፍሪጅ” ብሎ የጻፈውን ሲነካው የኛ አምፖል ጠፋ። እንደገና ሲነካው በራ። አብደልባቂ አምፖሉን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ እስኪያለቅስ ሳቀ። ጠዋት ትምህርት ቤት ሆኖ ስልኩን ሲያይ “ፍሪጁ በርቷል” ስላለው፣ እናቱ ደውላ “ጠፍቷል” ስትለው፣ “እማ፣ ጉልበትሽ ነው ወይስ ዓይንሽ የሚያምሽ?” ብሏት ነበር።

ሐጃ አምና ነገሩን ለመረዳት ጊዜ ወሰደባት። ሦስት ጊዜ አስደገመችን። በመጨረሻ ጣቷን ወደኔ ቀሰረች።

“እንግዲህ ልጄ፣ ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ሆነህ አንድ ቀን እቃዬን ነክተህ አታውቅም። ዛሬ ገበያ ቁጭ ብለህ ፍሪጄ ውስጥ ገባህ!”

“መዓሊሽ፣ ይቅርታ ሐጃ” አልኩ።

ደሳለኝ ሁለቱንም ሶኬቶች ከየስልካችን አስወጥቶ ተራ በተራ፣ አንዱ ተነቅሎ ሌላው ሲሰካ፣ እንደገና አገናኛቸው። አሁን አምፖሉን ይዞ ከኛ ቤት ወደ ሐጃ፣ ከሐጃ ወደ ኛ እየተመላለሰ ሦስት ሦስት ጊዜ አሞከረን።

ሥጋው ቀልጧል እንጂ አልተበላሸም። ሐጃ አምና ግን “የቀለጠ ሥጋ መልሼ አላስቀዘቅዝም፣ ዛሬውኑ ይበላል” ብላ ወሰነች። ለስም ማውጫው ሌላ በግ ይገኛል አለች። ዘሀራና እሷ ድስት ጣዱ። የሰፈሩ ሰው ሽታውን ተከትሎ መጣ። ሁሉም ምን ተገኘ ብሎ ይጠይቃል። ሐጃም ከመጀመሪያው ጀምራ ታወራለች፤ በየጊዜው እኔ ላይ አንድ ነገር ትጨምራለች። ለመጨረሻው እንግዳ ስትነግር እኔ ከገበያ ሆኜ የፍሪጁን በር ሁሉ ከፍቼ ነበር።

ደሳለኝም አብሮን በላ። ሁሉም ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ግን ዓይኔ ደሳለኝ ላይ ነው።

“ነገ ሥራህ...” ብዬ ጀመርኩ።

“ግድ የለም ጋሼ” አለኝ። “ካርቱም ልሄድ ነበር ድሮም። ምናልባት ጊዜው ደርሶ ይሆናል።” ይህን ሲል ፊቱ ከአፉ ጋር አልተስማማም።

በማግስቱ ሱቆች ሲከፈቱ ወደ ባለሱቁ ሄድን። እኔ፣ አብደልባቂና ሐጃ አምና። ሐጃን ማንም አልጠራትም፤ በትሯን ይዛ ረክሻው ውስጥ ቀድማን ተቀመጠች። ደሳለኝ አልመጣም ብሎ ነበር። ዘሀራ ለምና ላከችው።

ባለሱቁ ፊት ቆሜ “ትናንት ይህን ሰው ሌባ ብዬዋለሁ። ዋሽቻለሁ። እሱ ሞክረው ያለኝን ሳልሞክር ቀርቼ፣ የራሴን ጥፋት በሱ ላይ ጫንኩ” አልኩ። በዓረብኛ አልኩት። ከዚያ ወደ ደሳለኝ ዞሬ ያንኑ በአማርኛ ደገምኩት። “ይቅር በለኝ ወንድሜ” ብዬ ጉልበቱን ልይዝ ስጎነበስ ክንዴን ያዘኝ።

“ኧረ ጋሼ! አይሆንም! ትልቅ ሰው እኮ ነዎት። ይቅር ብዬዎታለሁ።”

ሐጃ አምና ግን ከባለሱቁ ጋር አልጨረሰችም። “አንተስ? ልጁ ስንት ጊዜ አገለገለህ? አንድ ጥያቄ አትጠይቀውም?” ብላ በበትሯ መሬቱን መታች። ባለሱቁ አፈረ። ቁልፉን ከመሳቢያው አውጥቶ “ውሰድ፣ ተመለስ” አለው።

ደሳለኝ ቁልፉን አየው፣ አልተቀበለውም። “እግዜር ይስጥልኝ” አለ በትሕትና። “ግን ሳይጠይቅ ያስወጣኝ ሰው ነገም ሳይጠይቅ ያስወጣኛል።”

ይህን ይለዋል ብዬ አልጠበቅኩም። እኔ ቁልፉን ሲቀበል አይቼ ሸክሜን ላራግፍ ነበር የሄድኩት። አሁን ደግሞ ሸክሙ ባሰብኝ። ከሱቁ ስንወጣ፣ “ሱቄ ጠባብ ናት፣ በረንዳዋ ግን ጥላ አለው። አንድ ጠረጴዛ ይበቃዋል። ካርቱም የምትሄድ ከሆነ አልይዝህም፤ እስክትሄድ ግን እዚያ ሥራ” አልኩት። አሰብ አደረገና፣ “ትንሽ ቀን ልሞክረው” አለኝ።

የሙሽራውን ጀለቢያ በዚያው ቀን እንደ አዲስ ቆርጬ ሰፋሁት። ደሳለኝ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጠረጴዛውን ሲያስተካክል እኔ ከውስጥ መኪናዬን ስረግጥ ዋልኩ። ሙሽራው መጥቶ ለብሶት ሲያየው ከመጀመሪያው የሚሻል መሰለኝ። ለምን አንድ ቀን እንደዘገየሁበት ስነግረው በሳቅ ወደቀ፤ በሰርጉ ላይም ለእንግዶቹ አወራው።

ያ “ትንሽ ቀን” እስካሁን አላለቀም። ደሳለኝ ካርቱም አልሄደም። ስልክ ይጠግናል፣ ሶኬትም ይሸጣል። ሰው ሶኬት ሊገዛ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ላይ እንደሚሰካው ይጠይቀዋል። ከዚያ “ጎረቤትዎም ገዝቷል?” ይለዋል። እኔ ከውስጥ ይህን ስሰማ መኪናዬን ጠንከር አድርጌ እረግጣለሁ፤ ሳቄ እንዳይሰማ።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ስድቤን የሰሙት ሁሉ ይቅርታዬን አልሰሙም። ስሰድበው የገበያ ቀን ነበር፤ መንገዱ ከገጠር በመጣ ሰው ሞልቶ ነበር። ይቅርታ ስጠይቀው ግን ገና ጠዋት ነው፤ እኛና ባለሱቁ፣ ሁለት ሦስት መንገደኛ ብቻ ነበርን። የቀሩት ሰዎች ወደየአገራቸው ይዘውት የሄዱት “ሌባ” የሚለውን ቃሌን ነው። አሁንም አልፎ አልፎ ከሩቅ የመጣ ደንበኛ በረንዳው ላይ ደሳለኝን ሲያይ፣ “ያ ቤት ያቃጠለው ልጅ አይደለም?” ይለኛል። ያን ጊዜ መቀሴን አስቀምጬ፣ ሰውየውን አስቀምጬ፣ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እነግረዋለሁ።

ይህን የጻፍኩትም ለዚሁ ነው። ያን ቀን ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ቆማችሁ የሰማችሁኝ ካላችሁ፣ ደሳለኝ ሌባ አልነበረም። ካውያውን ሳልነቅል የወጣሁት እኔ ነኝ።